ዳሽቦርዱ 9 በመቶ ይላል፣ ሳይቱ ግን አይከፈትም

ነገሩ በአንድ የኦንላይን መድረክ ላይ የተካሄደ ክር፣ ማለትም የጥያቄና መልስ ውይይት ነው። ክሩን የከፈተው የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአይሲቲ መምህር ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ ራስበሪ ፓይ 3 የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር እንደ ሰርቨር አስቀምጧል። ኢንተርኔት የለም። ተማሪዎቹ በዋይፋይ ወደ ፓዩ ይገቡና የዎርድፕሬስ ሳይት ያነባሉ፤ የትምህርት ማስታወሻ፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች፣ ማስታወቂያ። ከጎኑ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት በሚያስነብበው በኪዊክስ የተጫነ ዊኪፔዲያ አለ። ሐሳቡን ሁሉም ወደደለት።

ችግሩ እንዲህ ነው። መምህሩ ራሱ በፒኤችፒ የጻፋት የክትትል ገጽ አለች። ገጿ የፕሮሰሰሩን አጠቃቀም ቀኑን ሙሉ 9 በመቶ ታሳያለች። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ አንድ ክፍል ተማሪ ባንድ ጊዜ ሲገባ ሳይቱ ይንቀራፈፋል፤ አንዳንዴ ጭራሽ አይከፈትም። ገጿ ግን ያኔም 9 ናት። ተርሚናል ላይ አፕታይም ብሎ ሲያይ ሎድ አቬሬጁ (የማሽኑ አማካይ ጫና) 7 ደርሷል። ከሁለቱ የሚዋሸው የትኛው ነው ብሎ ጠየቀ።

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ሁለቱም አልዋሹም። መምህሩ አንድ ነገር የጠየቃቸው መስሎት ሌላ ነገር ነበር የጠየቃቸው። ይሄ እስኪጣራ ግን ክሩ 33 መልስ ድረስ ሄደ። በመሀል ጠብም ነበር።

1ኛው መልስ የጨዋ ሰው ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ወንድሜ ብሎ ጀምሮ፣ ሦስት ነገር ጠየቀው፦ የገጿን ኮድ፣ ሳይቱ በተንቀራፈፈበት ሰዓት ቶፕ (በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚዘረዝረው ትእዛዝ) የሚያሳየውን፣ እና ፓዩ በምን ቻርጀር እንደሚሠራ። ሦስተኛዋን ጥያቄ ማንም ከቁብ አልቆጠራትም። ክሩ ከተጋመሰ በኋላ ነው ሁሉም ወደ እሷ የተመለሰው።

2ኛው እንዲህ ዓይነት ክር ውስጥ የማይጠፋው ሰውዬ ነው። መጫወቻ ሰርቨር አይሆንም፣ ጣለውና አሮጌ ላፕቶፕ ግዛ አለ። በቃ፣ ይኸው ነው መልሱ። 3ኛው በዚህ ተናደደና ፓይ ሥራ ሲበዛበት እንኳ 10 ዋት እንደማይሞላ፣ በትንሽ ሶላር እንደሚያድር አስረዳ። 4ኛው ላፕቶፑን ደገፈ፣ ግን በሌላ ምክንያት፤ መብራት ሲጠፋ የላፕቶፑ ባትሪ ራሱ ዩፒኤስ ነው ባይ ነው። እውነት አለው፤ ባትሪው ያልሞተ አሮጌ ላፕቶፕ ከተገኘ ማለቴ ነው። 5ኛው ከሁሉም ወጥቶ ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ካለ አንድ ፓይ 5 ሻንጣው ውስጥ ይከትልኝ ይሆን ብሎ ተማጸነ። ማንም አልመለሰለትም።

6ኛው ላይ መምህሩ ኮዱን ይዞ መጣ። አጭር ናት። ፕሮክ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ስታት የሚባለውን ፋይል ትከፍትና የመጀመሪያውን መስመር ታነባለች። በመስመሩ ላይ ካሉት ቁጥሮች አራተኛው ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ የቆየበት ጊዜ ነው። ኮዷ እሱን ከጠቅላላው ድምር ትቀንስና የቀረውን በመቶኛ ታሳያለች። ሲያዩዋት ምንም እንከን የላትም። ያነበባት ሁሉ ትክክል ናት ብሎ የሚያልፋት ዓይነት ኮድ ናት።

7ኛውን መልስ የጻፈችው ጀርመን ሆና በሰርቨር አስተዳደር የምትሠራ እህት ናት። ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። ነገሩን ከሥሩ አስረዳች። እነዚያ ቁጥሮች ማሽኑ ከተነሣ ጀምሮ እየተደመሩ የሚሄዱ ናቸው። እያንዳንዱ ኮር (ለብቻው ሥራ የሚሠራ የፕሮሰሰሩ ክፍል) በሰከንድ 100 ምት ይቆጠርለታል፤ ፓይ 3 አራት ኮር ስላለው ድምሩ በሰከንድ 400 ይጨምራል። ስለዚህ ፋይሉን አንዴ ብቻ አንብቦ ማካፈል ማለት ማሽኑ ከተነሣ ጀምሮ ያለውን አማካይ ማውጣት ነው። አሁን ምን እየሆነ እንዳለ አይናገርም።

በዚያ ብቻ አላበቃችም፤ በቁጥር አሳየችው። ማታ 2 ሰዓት ላይ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ማሽኑ ተነሣ እንበል። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ጠቅላላው ድምር ወደ 20 ሚሊዮን ምት ይጠጋል። ከዚያ 18.2 ሚሊዮኑ ሥራ ፈት ከሆነ ገጿ 9 በመቶ ትላለች። አሁን ተማሪው ይግባ። በአንድ ሰከንድ ከሚጨመሩት 400 ምቶች ሥራ ፈቱ 60 ብቻ ቢሆን፣ በዚያች ሰከንድ 85 በመቶ ተይዟል ማለት ነው። የገጿ ቁጥር ግን አሁንም 9 ነው፤ 400 በ20 ሚሊዮን ላይ ምን ሊያመጣ? 10 ደቂቃ ሙሉ እንዲያ ቢጨናነቅ እንኳ ከ9 ወደ 10 ቢጠጋ ነው።

መድኃኒቱ ሁለቴ ማንበብ ነው። አንዴ ታነባለህ፣ ጥቂት ትቆያለህ፣ ደግመህ ታነባለህ፣ ከዚያ ልዩነቱን ብቻ ታካፍላለህ። በዚያው ሌሎች የክትትል ትእዛዞችም እዚሁ ወጥመድ ውስጥ እንደሚያስገቡ አስጠነቀቀች። ቪኤምስታት ሲጠራ የሚያወጣው የመጀመሪያ መስመር ከቡት ጀምሮ ያለ አማካይ ነው። ፒኤስ የሚያሳየው የፕሮሰሰር መቶኛም ፕሮግራሙ ከተከፈተ ጀምሮ ያለው አማካይ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ተኝቶ አሁን የነቃ ፕሮግራም ፒኤስ ላይ ገና እንደተኛ ነው።

8ኛው ላይ መምህሩ ምስጋናውን አዘነበ። በመሀሉ አንድ ሰከንድ የምትተኛ መስመር ጨምሮ ኮዷን አስተካከላት፤ በማግስቱ 4 ሰዓት ላይ ገጿ ልክ እንደ ምሳሌው 85 አሳየችው። 9ኛው ያ የላፕቶፑ ሰውዬ ነው። ነግሬህ ነበር፣ ፕሮሰሰሩ አልቻለም፣ አሁንስ አመንክ አለ። ትንሽ ሙድም ያዘበት።

ደስታውም ሙዱም ብዙ አልቆየም። 10ኛው በጣም በአጭሩ መስመሩ ላይ አምስተኛውም ቁጥር እንዳለ አስታወሰ፤ አይኦ ዌይት የሚባለው። ይሄ ፕሮሰሰሩ የሚሠራው አጥቶ ዲስክ እስኪመልስለት የጠበቀበት ጊዜ ነው። የመምህሩ ኮድ የሚቀንሰው አራተኛውን ብቻ ስለሆነ ጥበቃው ሁሉ እንደ ሥራ ተቆጥሯል። መምህሩ ጥሬ ቁጥሮቹን እንዲለጥፍ ተጠየቀና ለጠፈ። ከ400ው 60 ሥራ ፈት፣ 240 አይኦ ዌይት፣ የቀረው 100 ብቻ እውነተኛ ሥራ። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ የሠራው 25 በመቶ ነው። ከአራት ኮር አንዱ ብቻ ሠራ ማለት ነው። 60 በመቶ የሚሆነው ጊዜ የባከነው የፓዩ ዲስክ የሆነውን ሚሞሪ ካርድ በመጠበቅ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የራሴን ልበል። አንድ ማሽን፣ አንድ ሰዓት፣ ሦስት ቁጥር፦ 9፣ 85፣ 25። ሦስቱም ከአንድ ፋይል የወጡ ናቸው፤ የሂሳቡ ስሌትም የትም ቦታ አልተሳሳተም። የፕሮሰሰር መቶኛ ሲነገረኝ ከመቼ ጀምሮ እና ምን ምኑ ተቆጥሮ ብዬ ሳልጠይቅ የማላልፈው ለዚህ ነው። ገበያ ላይ ያሉ ዳሽቦርዶችም ቢሆኑ አንዳንዶቹ አይኦ ዌይትን ከሥራ ይደምሩታል፣ አንዳንዶቹ አይደምሩትም፤ ሥዕሉ ማማሩ ይሄን አይነግራችሁም።

11ኛው ላይ የጀርመኗ እህት ተመልሳ ልክ ነው አለችና አንድ ማሳሰቢያ አከለች። የሊኑክስ ሰነድ ራሱ አይኦ ዌይት ላይ ሙሉ በሙሉ አትተማመኑ ይላል። ብዙ ኮር ባለበት የሚጠብቀው ፕሮግራሙ እንጂ ኮሩ አይደለምና የትኛው ኮር ጠበቀ ማለት አስቸጋሪ ነው። አቅጣጫ ለማወቅ ይበቃል፣ እንደ ሚዛን ግን አይታመንም።

12ኛው ጀማሪ ነው፣ ይቅርታ ጠይቆ ገባ። ቶፕ ላይ ዳታቤዙ 130 በመቶ ሲል አይቶ ደንግጧል። 13ኛው ሳይሰለች መለሰለት፤ ቶፕ 100 የሚለው አንድ ኮርን ነው፣ ባለ አራት ኮር ላይ ጣሪያው 400 ነው። 1 ቁጥርን ቢጫን እያንዳንዱ ኮር ለየብቻ ይመጣለታል፤ ትልቁን የእንግሊዝኛ አይ ፊደል ቢጫን ደግሞ መቶኛው ለኮሮቹ ቁጥር ይካፈላል። ለጀማሪ እንዲህ የሚመልስ ሰው አይጥፋ።

ከዚያ ጠቡ መጣ። 14ኛው ሎድ አቬሬጅ 7 ለአራት ኮር ሲካፈል 1.75 ነው፣ ስለዚህ ፕሮሰሰሩ 175 በመቶ ተጨናንቋል፣ እስካሁን የተባለው ሁሉ ወሬ ነው አለ። 15ኛው ጣቱን ያዝ አላደረገም። ሳያነቡ መጻፍ የዚህ መድረክ በሽታ ሆኗል ብሎ ጀመረና፣ ሊኑክስ ላይ ሎድ የሚቆጥረው ፕሮሰሰር ላይ ያሉትንና ተራ የሚጠብቁትን ብቻ እንዳልሆነ ጻፈ። ዲስክ እየጠበቁ በዲ ሁኔታ የተኙትም ይቆጠራሉ። ከ1993 ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ሌሎች ዩኒክሶች እንደዚያ አይቆጥሩም። አንድ ኮር ያህል ሥራ እና ስድስት ያህል ካርድ የሚጠብቁ ፕሮግራሞች ሲደመሩ 7 ይመጣል አለ። ከ10ኛው ቁጥሮች ጋር ሲያነጻጽሩት ልክ ይገጥማል።

14ኛው በ16 ተመልሶ ስድብ ቀረሽ ነገር ጻፈ፤ ልምዴ ይህን ያህል ዓመት ነው ምናምን። 15ኛውም በ17 አልተኛለትም። 18ኛው በዕድሜ ጠና ያለ ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ ኧረ ልጆች ተዉ ብሎ ገባና ማረጋገጫውን ራሳችሁ እዩት አለ። ሳይቱ በተንቀራፈፈበት ሰዓት ቶፕ ከፍቶ ሁኔታ የሚለው ዓምድ ላይ ዲ ያለባቸውን መቁጠር ነው። መምህሩ ቆጠረ። አምስት ወይም ስድስት ነበሩ፤ ዳታቤዙ፣ የፒኤችፒ ሠራተኞች (ለጎብኚ ገጽ የሚያዘጋጁት ፕሮግራሞች)፣ የፋይል ሲስተሙ ጆርናል ጸሐፊ። 14ኛው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። 15ኛው ልክ ነበር፣ ግን ግማሹን ቃል ቢተወው ኖሮ ሰውዬውም ይማር ነበር።

19ኛው ወደ ገጿ ተመለሰ፤ በክሩ ውስጥ ማንም ሳያየው ያለፈውን ያየ እሱ ነው። መምህሩ የጨመራት የአንድ ሰከንድ እንቅልፍ ገጿ በተከፈተች ቁጥር አንድ የፒኤችፒ ሠራተኛ ታስራለች። መምህሩ ሠራተኞቹን አምስት አድርጎ ነው የተወው። ገጿ በየ2 ሰከንዱ ሪፍሬሽ ታደርጋለች፣ በዚያ ላይ ቢሮ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር ላይ ተከፍታ ትውላለች። እንግዲህ አስቡት፤ በአማካይ ከአምስቱ አንዱ ሠራተኛ ተማሪ ማስተናገዱን ትቶ ፕሮሰሰሩን ሲከታተል ነው የሚውለው። የጠቆመው መላ ቀላል ነው። አትተኛ፤ የቀድሞውን ንባብ ራም ላይ ባለው ዴቭ ኤስኤችኤም ፎልደር አስቀምጥና ገጿ ስትከፈት ከእሱ ጋር ያለውን ልዩነት አስላ። ካርዱ ላይ አንዳች አትጻፍ።

20ኛው ገና ከመጀመሪያው፣ ከ2012ቱ ፓይ ጋር የሚኖር ሰው ነው። ያ ሰሌዳ አንድ ኮር ብቻ፣ በ700 ሜጋኸርዝ። ቶፕን የመሰለውን ኤችቶፕን ራሱን ሲከፍት ከዝርዝሩ አናት የሚቀመጠው ኤችቶፕ እንደሆነ እየሳቀ ነገረን። በየደቂቃው በክሮን የሚነሣ ትንሽ የፓይተን ስክሪፕት ነበረው፤ ስክሪፕቱ የሚሠራው ሥራ ኢምንት ነው፣ ፓይተንን ቀስቅሶ ማስነሣቱ ግን ግራፉ ላይ በየደቂቃው እሾህ ይተክል ነበር። ግራፉን አይቶ ማን እንደሚረብሸው ሲፈልግ ከረመ። አሁን አንዴ ተነሥቶ ሳይዘጋ የሚቆይ ፕሮግራም ነው የሚጠቀመው።

21ኛው አጭር ነው፤ የ1ኛው መልስ ሦስተኛ ጥያቄ የት ገባ? ቻርጀሩስ?

መምህሩ በ22 መለሰ። ቻርጀሩ የስልክ ነው፣ 1 አምፕር፤ ገመዱ ቀጭንና ረጅም። ሰሌዳው ግን በደንብ ይነሣል፣ ስለዚህ ችግር አለው ብሎ አላሰበም። ቪሲጄንሲኤምዲ የሚባለውን ትእዛዝ እንዲጠይቀው ተነገረው፤ ጌት ትሮትልድ ብሎ። ስሙ አፍ ያስራል፣ ለፓይ ባለቤት ግን የመጀመሪያው ምርመራ እሱ ነው። ከተርሚናል ሲጠይቀው ዜሮ ኤክስ 50005 አለው። ከገጿ ሲጠይቀው ግን ባዶ። ገጿ የምትሠራው በዌብ ሰርቨሩ ተጠቃሚ ስም ነው፣ ያ ተጠቃሚ ደግሞ ቪዲዮ የሚባለው ግሩፕ ውስጥ ካልገባ ትእዛዙ እምቢ ይላል። ይሄ ስንቱን ሰው እንዳስለፋ።

23ኛው ቁጥሩን ፈታለት። የኋለኛው 5 የአንድ እና የአራት ድምር ነው፤ አንድ ማለት አሁን ቮልቴጁ አንሷል፣ አራት ማለት አሁን ፍጥነቱ ተገድቧል። የፊተኛው 5 ደግሞ ማሽኑ ከተነሣ ወዲህ ሁለቱም ደርሰው ያውቃሉ ማለት ነው። ሰሌዳው ቮልቴጁ ከ4.63 ገደማ ሲወርድ ነው የሚጮኸው። ስክሪን ቢኖረው ጥጉ ላይ የመብረቅ ምልክት ይታየው ነበር፤ ሰርቨሩ ግን ስክሪን የለውም፣ ማን ያያል? ለፓይ 3 የሚመከረው 5.1 ቮልት፣ 2.5 አምፕር ነው።

ከዚያ ሌላ የመቶኛ ጉዳይ አነሣ። ቮልቴጅ ሲያንስ የፓይ 3 ፕሮሰሰር ከ1200 ሜጋኸርዝ ወደ 600 ይወርዳል። መቶኛው የሚለካው ጊዜን ነው፣ ሥራን አይደለም። በሙሉ ፍጥነት 25 በመቶ የሚወስድ ሥራ በግማሽ ፍጥነት 50 ገደማ ይወስዳል። ከፍጥነቱ ጋር ካልተያዘ መቶኛው ብቻውን ግማሽ ወሬ ነው። ስለዚህ ገጿ ላይ ከመቶኛው ጎን የወቅቱን ሜጋኸርዝ ጻፍበት አለው። የመምህሩ 25 በመቶ በ600 ሜጋኸርዝ የተለካ ሆኖ ተገኘ። ቻርጀሩ ቢስተካከል ከዚያም ይቀንስ ነበር።

24ኛው ከሪያድ ነው። የእሱ ፓይ ፍሪጅ አናት ላይ፣ ዙሪያውን በተዘጋ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ነው የሚኖረው። ኤሲ ሲጠፋ ሙቀቱ 82 ዲግሪ ይደርሳል፤ 80 ላይ ፕሮሰሰሩ ራሱን ማዘግየት ይጀምራል። ሳጥኑን ከፍቶ አሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ለጠፈበት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ከፍሪጁ አወረደው። ፍሪጅ ከኋላው ሙቀት እንደሚተፋ የገባው ዘግይቶ ነው። 25ኛው እና 26ኛው ስለ ቻርጀር ገበያ ነው። ላዩ ላይ 3 አምፕር ተጽፎ ውስጡ 1 የማይሞላ ስንት እንዳለ፣ መርካቶ ሲገዛ መለኪያ ይዞ መሄድ እንደሚሻል ተጨዋወቱ። እውነት ነው፣ ግን ገመዱንም አትርሱ። ጥሩ ቻርጀር በቀጭን ገመድ ያው ነው፤ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይቀራል።

27ኛው ካርዱን ማን እንደሚያስጨንቀው እንፈልግ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ሳይት በማስተናገድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው፣ ሥራውን የሚያውቅ። ዲስኩን የትኛው ፕሮግራም እንደሚጠቀም የሚያሳየውን አይኦቶፕን እንዲጭን ነገረው። መምህሩም ጭኖ በ4 ሰዓት ሲያይ ከላይ ዳታቤዙ፣ ማሪያዲቢ፣ ቁጭ ብሏል፣ ሲጽፍ። ማንበብ ብቻ ነው በሚባል ሳይት ምን ይጻፋል? ነገሩ የጎብኚ ቆጣሪ ፕለጊን ነው። ተማሪው ገጽ በከፈተ ቁጥር አንድ መስመር ዳታቤዝ ውስጥ ይገባል፤ ዳታቤዙም እያንዳንዷን መስመር ካርዱ ላይ ማረፏን ሳያረጋግጥ አይቀጥልም። ሚሞሪ ካርድ ትልቅ ፋይል ሲጽፍ ደህና ነው፤ ትንንሽ ነገር እዚህም እዚያም ጻፍ ሲሉት ነው የሚያቃስተው።

የሰጠው ምክር ቅደም ተከተሉ ደስ ይላል። መጀመሪያ ቆጣሪውን አጥፋ። ቀጥሎ የተዘጋጀ ገጽ በፋይል የሚያስቀምጥ ካሽ አድርግ፤ የፈተና ገጽ ለአርባ ተማሪ አርባ ጊዜ ከዳታቤዝ መሠራት የለበትም። ከዚያ ፋይል በተነበበ ቁጥር ሰዓቱ እንዳይጻፍ ዲስኩን ኖኤታይም በሚባለው አማራጭ ማውንት አድርገው፣ የጉብኝት ሎጉን ቀንሰው። 1 ጊጋ ራም ብቻ ስለሆነ ስዋፕ (ራም ሲጠብ የሚተርፈው መረጃ የሚቀመጥበት) ካርዱ ላይ እየጻፈ እንደሆነም በቪኤምስታት ይታይ፤ የመጀመሪያውን መስመር ዘልሎ። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ ካስፈለገ ብቻ፣ ኢኖዲቢ (የዳታቤዙ መረጃ አከማቺ ክፍል) በእያንዳንዱ ኮሚት ዲስክ ላይ ማረጋገጡን ትቶ በሰከንድ አንዴ እንዲያደርግ ቅንብሩን ከ1 ወደ 2 መቀየር ይቻላል አለ።

ይቺ የመጨረሻዋ ምክር 28ኛውን አስጮኸችው። መብራት በቀን ስንቴ በሚጠፋበት አገር ለትምህርት ቤት እንዲህ ይመከራል ወይ፣ የሰው ልጅ ውጤት ቢጠፋ ማን ይጠየቃል ብሎ ወረደበት። 29ኛው ረጋ ያለ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው አለ። 2 ላይ ሲደረግ መብራት ድንገት ቢጠፋ የሚጠፋው የመጨረሻዋ ሰከንድ ገደማ መረጃ ነው። የጎብኚ ቁጥር ከሆነ ይጥፋ። ውጤት የሚመዘገብበት ዳታቤዝ ከሆነ ግን 1 ላይ ይቆይ፣ ለዚያ ደግሞ ዩፒኤስ ይገዛ። እኔም የምስማማው በዚህ ነው። ቆጣሪው ከጠፋ እኮ ቅንብሩን መንካትም አላስፈለገም።

30ኛው ከየት እንደመጣ አላውቅም። ይሄ የቦት ጥቃት ነው፣ የዎርድፕሬስን ኤክስኤምኤል አርፒሲ ፋይል ዝጋ፣ ፌይልቱባን ጫን አለ። ለሌላ ሳይት ወርቅ ምክር ነው። የመምህሩ ሰርቨር ግን ኢንተርኔት ላይ የለም፤ ይሄ በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ተጽፏል። ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደረደረበት።

31ኛው የመምህሩ ሪፖርት ነው። 2.5 አምፕር ቻርጀር ከአጭር ወፍራም ገመድ ጋር ተገዛ፣ ቆጣሪው ጠፋ፣ ካሽ ገባ። ገጿ አትተኛም፤ የቀድሞውን ንባብ ራም ላይ ታስቀምጣለች። በፊት አንድ ቁጥር የነበራት አሁን አራት አላት፦ ሥራ፣ አይኦ ዌይት፣ ሜጋኸርዝ፣ ሙቀት። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ያነበበውን ለጠፈ፦ ሥራ 18 በመቶ፣ አይኦ ዌይት 4፣ ፍጥነት 1200፣ ሙቀት 61። ሎዱ ከ7 ወደ 1 ገደማ ወርዷል። ትሮትልዱም ዜሮ ሆኗል። ለሁሉም በየተራ አመሰገነ፤ ላፕቶፕ ግዛ ላለውም ጭምር።

ይሄኔ ክሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር። 32ኛው ግን ጥሩ ጥያቄ አመጣ። እሱ ያለው ኦሬንጅ ፓይ የሚባል ሌላ ሰሌዳ ነው፣ ያ ስሙ አፍ የሚያስረው ትእዛዝ እዚያ የለም፤ ሙቀትና ፍጥነት ከየት ያምጣ? 33ኛው መለሰለት። ሁለቱም ሲስ ከሚባለው ፎልደር ይነበባሉ፣ ራስበሪ ላይም ይሠራል፣ የቪዲዮ ግሩፕም አያስፈልግም። ሙቀቱ ቴርማል ዞን ዜሮ ውስጥ ቴምፕ የሚባል ፋይል ነው፤ ቁጥሩ በሺዎች ስለሚመጣ ለ1000 ይካፈል፣ 61000 ካለ 61 ዲግሪ ነው። ፍጥነቱ ደግሞ ሲፒዩ ዜሮ ሥር፣ ሲፒዩ ፍሪክ ውስጥ፣ ስኬሊንግ ከር ፍሪክ የሚለው ነው። እሱ በኪሎኸርዝ ስለሆነ ሜጋኸርዝ ለማድረግ እንደገና ለ1000። የቮልቴጅ ማነስን የሚናገር ፋይል ግን እያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ አይገኝም፤ እዚያ መልቲሜትር አውጥቶ ሥራ በበዛበት ሰዓት ፒኖቹ ላይ መለካት ነው።